የዓሣዎቼን ሽቦ በጠፍር ሳስር

ንጹሕ ቤት የሚባል ነገር የለም። ሽቦው ያልታየ ቤት ነው ያለው!

አትቆጡ፣ እውነቴን ነው። ሶፋው በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ወለሉ እንደ መስታወት ተወልውሎ፣ «እንዴት ያለ ሸጋ ቤት ነው!» ብላችሁ ያመሰገናችሁትን ቤት ሁሉ አንድ ቀን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አጎንብሳችሁ እዩት። የቴሌቪዥኑ ገመድ ከዲኮደሩ ገመድ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ፣ የማቀዝቀዣው በሁለቱ መሐል ለሽምግልና ገብቶ እሱም ተጠላልፎ ቀርቶ... ከሁሉ ሥር ደግሞ አንድ ጥቁር ገመድ አለ። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ወዴት እንደሚሄድም አይታወቅም። ነቅሎ የሚሞክር ወንድ አልተገኘም! በየቤቱ አንድ እንዲህ ያለ ገመድ አለ። አሁን ዓይናችሁን ወደዚያ ጥግ ጣል ያደረጋችሁ አንባቢዎች፣ አይቻችኋለሁ።

የእኔ ቤት ግን ከሁላችሁም ይብሳል። እኔ ዓሣ አለኝ።

አዎ፣ ዓሣ። የሚጠበሰውን ማለቴ አይደለም፤ በመስታወት ገንዳ የሚዋኘውን፣ አኳሪየም የሚሉትን ነው። «ከኮሶዬ የወረደ ገበሬ ዓሣ ምን ሊሆነው ነው?» የሚል አንባቢ ካለ ሚስቴ እንጉዳይ ቀድማዋለች፤ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ዓሣዎቹን ጥሎልኝ የሄደው እኛ ግቢ ተከራይቶ ይኖር የነበረ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ገንዳውን ከነማስቀመጫው ጎትቶ አመጣና፣

«አያ መኳንንት፣ እነዚህን አደራ። ለሌላ ሰው ብሰጣቸው ይጠብሳቸዋል» አለኝ።

«እኔስ እንደማልጠብሳቸው በምን አወቅህ?»

«እርስዎማ ሰው እንጂ እንስሳ አይጠሉም» አለ።

ልክ ነው። ሰው አልወድም። የሚያውቁኝ ያውቃሉ፣ የማያውቁኝ ደግሞ ባያውቁኝ ይሻላቸዋል። ሰው ቤትህ ገብቶ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ከዚያ ግድግዳህን ቀና ብሎ ያይና «ቀለሙ እንኳ እንዲህ ባይሆን ይሻል ነበር» ይልሃል። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ደግሞ መካሪዬ በዝቷል። ጋዜጣ ይዤ ያየኝ ሁሉ «በርታ አያ መኳንንት!» እያለ ትከሻዬን እንደ ፈረስ ቸብ ቸብ ያደርገኛል። ዓሣዎቹ ግን... አራት ቀያይ ዓሣዎች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ አንዲት ቃል አትወጣቸውም! እስቲ ንገሩኝ፣ በጎንደር ከተማ እንዲህ ያለ ፍጡር የት ይገኛል? ምክር የለ፣ ሐሜት የለ፣ «ምነው ከሳህ?» የለ። ከሥራ ስመለስ በርጩማዬን ስቤ ፊት ለፊታቸው ቁጭ እላለሁ። እነሱ ያዩኛል፣ እኔ አያቸዋለሁ። ማንም ማንንም አያስቀይምም።

ይሄ ሰላሜ ነው እንግዲህ አደጋ ላይ የወደቀው።

ገንዳው የተቀመጠው በር ባለው የእንጨት ቡፌ ላይ ነው። ቤታችን የጣሊያን ጊዜ ቤት ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ በቀትርም መብራት የሚፈልግ። በሕይወት ያለው ሶኬት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ጣሊያን ሲወጣ አብረውት ሳይወጡ አልቀሩም። ያ አንዱ ሶኬት የሚገኘው ከቡፌው ጀርባ ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ያለ ገመድ ሁሉ ጀርባው ክፍት በሆነው በቡፌው ሆድ ይገባል። የውኃው ማጣሪያ፣ ለዓሣዎቹ አየር የሚነፋው ፓምፕ፣ የገንዳው መብራት፣ ቴሌቪዥኑ፣ ዲኮደሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ የስልክ ቻርጀሮቹ... ሌላው ቀርቶ የጣሪያው አምፖል መስመሩ ስለተቃጠለ፣ በረጅም ገመድ ግድግዳ ለግድግዳ ወርዶ እዚያው ይሰካል። ሁሉም አንድ ዲቫይደር ላይ ተረባርበዋል፤ የዲቫይደሩ ስፒና ደግሞ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተሰክቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ የእኛ ቤት ሽቦ ቢያብር ጎሽ ከነጥጃው ያስራል።

እንግዲህ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ሆነ። እንጉዳይ ለማኅበርተኛው አዳዲስ ብርጭቆ ገዝታ ማስቀመጫ አጣች። አልጋ ሥር ሽንኩርት አለ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ሻንጣ አለ፣ በሻንጣው ላይ ምንጣፍ አለ። ቤቱን ዞራ ዞራ ዓይኗ ያረፈው የት ይመስላችኋል?

«ሰውዬ» አለችኝ፣ ቡፌውን ከፍታ። «ይሄን የሽቦ ጎጆ አስተካክልና ብርጭቆዎቼን ላስገባበት።»

«እንዲሁ ሸጎጥ ሸጎጥ አድርጊው።»

«እጄን ከዚህ ውስጥ አስገብቼ? በመብራት ተቃጥዬ ልሙትልህና ከዓሣህ ጋር ልትኖር?»

አንዳንድ ጥያቄ ቶሎ ባይመለስ ይሻላል።

«ስማ መኳንንት፣ ለሚካኤል ይሄ ቡፌ ካልተስተካከለ ዓሣዎቹን ለሐጂ እሰጣቸዋለሁ። ከነቡፌው!»

ሐጂ ማለት ከአንድ ግቢ፣ ከአንድ ቆጣሪ የምንኖር ጎረቤታችን ናቸው። ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ጎንደር ላይ የነገዱ ሰው ናቸው። ዓሣዎቹን ካዩበት ቀን ጀምሮ፣ «መኳንንት፣ እነዚህን ሱቄ ባስቀምጣቸው እኮ ዓሣ ሊያይ የገባ ሁሉ ጨርቅ ሳይቆርጥ አይወጣም» ይሉኛል። ሮጬ ሄጄ ስጠይቃቸው ነገሩ አልቋል! ሁለቱ ከእኔ ጀርባ ተስማምተዋል። ሐጂ ባልዲ ሁሉ ገዝተው አስቀምጠዋል። አሳዩኝ። ክዳን ያለው ባልዲ!

«ቡፌውን ካስተካከልክማ የአንተው ናቸው» አሉ ሐጂ፣ ባልዲውን በእጃቸው እየዳበሱ። «ካላስተካከልክ ግን የሚካኤል ለት እንኳን አደረሳችሁ ልል ስመጣ ይዣቸው እወጣለሁ።»

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። በማግስቱ ፒያሳ ወርጄ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ አንድ እፍኝ ቀጫጭን ላስቲክ አወጣልኝ፤ ጫፉ ቀዳዳ ያለው፣ ሽቦ የሚሰበሰብበት።

«ይሄ ነው የሚያዋጣዎት፣ አያ። አንዴ ካሰሩት ንቅንቅ የለም።»

«ልፈታው ብፈልግስ?»

«አይፈታም። በመቀስ ቆርጠው ይጥሉታል።»

«ቆርጬ የምጥለውን ምን ላደርገው እገዛዋለሁ? ዕቃ ነው ወይስ ጥፍር?»

«ዓለም ሁሉ የሚያስረው በዚህ ነው እኮ።»

«ዓለምማ መታሰሩን እያየነው ነው!» ብዬ ወጣሁ።

እኔ ማሰር የምማረው ከሱቅ ነው? በሬ ጠምጄ ያረስኩ ሰው ነኝ! ቀንበርን ከሞፈር ያስተሳሰረ እጅ ገመድ ያቅተዋል? ቀጥ ብዬ ቅዳሜ ገበያ ሄድኩና ጠፍር ገዛሁ። የከተማ ልጅ የሆናችሁ አንባቢዎች ጠፍርን ላታውቁት ትችላላችሁ። ያልለፋ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ ነው። አልጋ ይወጠርበታል፣ ቀንበር ይታሰርበታል። ብልሃቱ ይሄ ነው፦ ውኃ ውስጥ ይነከርና እርጥቡን ይታሰራል። ከዚያ ሲደርቅ በራሱ እየተኮማተረ፣ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ... ብረት ይሆናል። በጠፍር የታሰረን ነገር ሰው አይነቀንቀውም። እንኳን አራት ዓሣ የተጠማዱ በሬዎች ቢታገሉት አይላቀቅም።

አሁን ከመካከላችሁ «እየጠበቀ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ፈገግ ያለ ሰው አለ። ዝም በል! እኔ ያኔ ፈገግ አላልኩም።

ጠፍሩን በእንጉዳይ የልብስ ሳፋ ነከርኩት። («ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች፤ «ሥልጣኔ» አልኳት።) እያንዳንዱን ገመድ ከራሱ ጋር አጠፍኩ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩ፣ ፓምፑንም ዲቫይደሩንም በመሐል አስተኛሁና በእርጥቡ ጠፍር እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልኩት። ከዚያ ደግሞ እንዳይንሸራተት ብዬ፣ የጠፍሩን ጫፍ ስቤ በቡፌው የኋላ እግር አዞርኩና እግሬን ቡፌው ላይ ተክዬ ወጥሬ ቋጠርኩት። እንደ አልጋ! የእባብ ጎሬ የሚመስለው የሽቦ ጎጆ ተሰብስቦ፣ ተሰብስቦ አንዲት ጥቅል ሙልሙል አከለች። በቡፌው ውስጥ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ተገኘ።

እንጉዳይ በሩን ከፍታ አየች። ደግማ አየች።

«ሸጋ ነው» አለች።

ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ለእኔ ስታወጣው ያን ቀን ሰማሁ። ብርጭቆዎቿን ደርድራ ደርድራ፣ ከጥቅሉ ፊት ለፊት እንደ ግንብ ገነባቻቸው። እኔ ደግሞ ሐጂን ጠርቼ አሳየኋቸው። መቼም ዕዳ ነው የሰው ልጅ፤ ካላሳየ አይተኛም።

ሐጂ አጎንብሰው ተመለከቱና ቀና አሉ። «ሽቦ በጠፍር? አላህ ይጠብቀን!»

«ሐጂ፣ በሬ የያዘ ጠፍር አምፖል ያቅተዋል?»

«እኔ እንጃ። በሬ ግን ሶኬት ላይ አይሰካም።»

ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት። ባልዲው ባዶውን ሊቀር ነዋ!

ሚካኤል ደረሰ። የኅዳር ደረቅ ፀሐይ፣ የኅዳር ደረቅ ነፋስ... ለጠፍር እንዲህ ያለ ወር የለም። ማኅበርተኛው ግጥም ብሎ መጣ። መምሬ ይባቤ ከጸሎቱ በኋላ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። የማኅበሩ ሙሴ አያ ታከለ ከራስጌ ተቀምጦ ሥነ ሥርዓት ያስከብራል፤ ሥነ ሥርዓት ማለት ለእሱ ጠላ ቀድሞ ለእሱ ሲቀዳ ነው። ዓሣዎቼ በብርሃን ገንዳቸው ውስጥ ሽር ይላሉ፤ ብርጭቆ ከቡፌው ይወጣል፣ የተረፈው እዚያው ግንብ ሆኖ ቆሟል። እንጉዳይ በፊቴ ስታልፍ ፈገግ ትልልኛለች። ሰው የማልወደው እኔ፣ እንግዶቼን «ጨምሩ፣ ብሉ እንጂ!» ስል ራሴን ሰማሁት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው...

ቤቱ ድርግም አለ።

«ሄደ!» አልን ሁላችንም ባንድ አፍ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ አገር ሳይለማመድ፣ ሳይመከር፣ ጠብ ሳያነሳ ሕዝብ በኅብረት የሚለው ቃል ይሄ አንዱ ነው። ማንም «ምን ሆነ?» አላለም። ማንም ተነሥቶ አላየም። ለምን ይነሣል? መብራት ሲጠፋ ሄደ ነው፤ ሲመጣ መጣ ነው። እንደ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ሲያባራ ቧንቧ የሚፈትሽ አለ? እንጉዳይ ሻማ አበራች፣ ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ።

እኔ ግን መራራ ሰው ነኝና አላለፍኩትም። ተነሥቼ ንግግር አደረግሁ።

«አያችሁ? አመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ የእኔን ድግስ ጠብቆ! አንድ ሰው የመብራት እንጨት ላይ ተቀምጦ የእኔን ቤት እያየ ነው የሚያጠፋው! እኛ ደግሞ ዝም! ዝም እያልን ነው እንዲህ የምንሆነው!»

«እውነት ነው!» አለ ሙሴው። «ንገርልን!»

«ግን» አሉ መምሬ ይባቤ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ሰጥተው፣ «የሰፈሩ ወፍጮ ይሰማኛል።»

«በናፍጣ ነው፣ አባቴ።»

ወፍጮው በናፍጣ መፍጨት ካቆመ ስንት ጊዜው! ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን በተበደለ ሰው ላይ ማን ይከራከራል? ጥቂት ቆይቶ አርፋጇ ማኅበርተኛችን ወይዘሮ አለሚቱ ገባች።

«ምነው በጨለማ ተቀመጣችሁ? እኔ ቤት አለ። በመንገዱም ሁሉ አለ።»

ሙሴው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ፌዝ ጠፍቶ ነው» አለ።

«እ... ፌዝ!» አልን ሁላችንም። ፌዝ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ግን አንገታችንን ነቀነቅን። ወይዘሮ አለሚቱም «እንዲያ በሉኝ እንጂ» ብላ ተቀመጠች። ነገሩ ተዘጋ።

ቀና ስል ዓሣዎቼን አየኋቸው።

አራቱም ከላይ ወጥተዋል። አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው፣ እየከፈቱ፣ እየዘጉ... እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ያጣጥራሉ። መምህሩ ሲሄድ «ፓምፑ ከቆመ አየር ያጥራቸዋል፤ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካዩ ዝም አይበሉ» ብሎኝ ነበር።

«አያችሁ» አሉ መምሬ በደስታ፣ «ፍጥረት ሁሉ ያመሰግናል።»

«ርቧቸው ነው እንጂ» አለ ሙሴው። «ቁራሽ ዳቦ ጣል አድርግላቸው።»

«እየሞቱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «መብራት ካልመጣ ሊሞቱብኝ ነው!»

እናንተዬ፣ አሁንም መብራቱን ስጠብቅ ነበር! በር ላይ ቆሜ የመብራቱን እንጨት አንጋጥጬ ሳይ፣ ሐጂ በነጭ ጀለቢያቸው፣ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው መጡ።

«እንኳን አደረሳችሁ! ለመሆኑ ቡፌው እንዴት...» አሉና ወደ ውስጥ አይተው ቆም አሉ። «ምነው ሻማ? የጸሎት ሰዓት ላይ መጣሁ እንዴ?»

«መብራት ሄዶ ነው፣ ሐጂ።»

«የት ሄዶ? ቴሌቪዥኔን ከፍቼ መጣሁ እኮ።»

«የእርስዎ ፌዝ ሌላ ነው» አለ ሙሴው ከውስጥ።

«የምን ፌዝ ነው! ቆጣሪያችን አንድ አይደለም እንዴ?»

ወየው! ማኅበርተኛው በሙሉ ዓይኑን ከሻማው አነሣና እኔ ላይ ተከለው። የዚያን ሁሉ ሰው ዓይን ከመሸከም የመብራቱን እንጨት ራሱን ብሸከም ይቀለኝ ነበር። ተንበርክኬ ቡፌውን ከፈትኩ፤ በስልኬ መብራት በብርጭቆዎቹ መሐል አሾለቅሁ።

ጠፍሩ ደርቋል። መድረቅ ብቻ? ብረት ሆኗል! እየተኮማተረ፣ እየተኮማተረ፣ ጥቅሉን በሙሉ ወደ ቡፌው እግር ጎትቶ አስጠግቶታል፤ ልክ እንደ ጥጃ ከችካሉ። ገመዶቹ እንደ በገና አውታር ተወጥረዋል፤ ብነካቸው ድምፅ ይሰጣሉ። የዲቫይደሩ ስፒና ደግሞ ከሶኬቱ ተነቅሎ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። መብራት የትም አልሄደም ነበር። የሄደው ስፒናው ነው!

«ምንድን ነው?» አለች እንጉዳይ።

«ጠፍሩ... ጠበቀ።»

«እንዲጠብቅ አይደል ያሰርከው?»

«በጣም ጠበቀ።»

ስፒናውን ስቤ ለመመለስ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ የለም። ቢላዋ አምጡ ብዬ ቋጠሮውን ለመቁረጥ እጄን ስዘረጋ እንጉዳይ ጮኸች።

«ብርጭቆዬን! አትንካ፣ ይናዳል!»

«ዓሣዎቼ እየሞቱ ነው እኮ!»

«ሐጂ፣ ባልዲውን!» አለች። «እርስዎ ቤት ይሂዱ፣ እዚያ እንኳ መብራት አለ!»

ሐጂ ባልዲያቸውን አዩ፣ ዓሣዎቹን አዩ። «ፓምፑስ?» አሉ። ፓምፑ በጥቅሉ ሆድ ውስጥ በጠፍር ታስሮ ተኝቷል። «አየር ከሌለ በባልዲም ይሞታሉ፣ እንጉዳይ። እኔ የሞተ ዓሣ ሱቄ አስቀምጬ ማን ጨርቅ ይገዛኛል?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኔ፣ መራራው መኳንንት፣ ሰው የማልወደው፣ ማኅበርተኛ ፊት ተንበርክኬ እንባዬ ቀረር ያለው። አንዷ ዓሣ ወደ ጎን ማዘንበል ጀምራለች። እንጉዳይ አየችኝ። ሻማውን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ኋላ ወርውራ ወደ ገንዳው ሄደች፤ ከፓምፑ ወደ ውኃው የሚሄደውን ቀጭን ጎማ ያዘችና ከፓምፑ በኩል ያለውን ጫፍ ስባ ነቀለችው።

«ትንፋሽ ነው የፈለጉት?» አለች። «ትንፋሽ አጥቼ አላውቅም!»

ጎማውን አፏ ላይ አደረገችና ነፋች።

ቡልቅ! ቡልቅልቅልቅ! ገንዳው ወለል ላይ ካለው የጎማው ጫፍ አረፋ ፈነዳ! ያቺ ስንት ዘመን እርጥብ እንጨት እፍ ስትል የኖረች ሳንባ፣ አንዴ ስትነፋ የፓምፑን የሰዓት ሥራ ሠራችው። ዓሣዎቹ ወደ አረፋው ሮጡ። ያዘነበለችውም ቀና አለች። እንጉዳይ ነፋች፣ ነፋች፣ ፊቷ በርበሬ መሰለ፣ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ያዙልኝ!» አለች።

ሙሴው ተነሣ። «እኔ እያለሁ!» ብሎ ጎማውን ነጠቀና... ሳበው። ንፋ እንጂ ሳብ ያለው አልነበረም፤ ግን ሰውየው ዕድሜ ልኩን አፉ ላይ የደረሰ ነገር ሁሉ ሲምግ የኖረ ነው! የዓሣው ውኃ ከነቅጠሉ ግጥም ብሎ ጉሮሮው ውስጥ ገባ። «እኽ! እኽ! ተፉ!» እያለ ጎማውን ወረወረው፤ ጎማው ደግሞ በተከፈተው ቡፌ ውስጥ ወድቆ ውኃውን እያንዠቀዠቀ ያፈስ ጀመር። ወይዘሮ አለሚቱ ሳቋ አምልጧት መሬት ተቀመጠች።

ጎማውን አንሥቼ ለመምሬ ይባቤ ሰጠኋቸው።

«እኔ?» አሉ።

«አባቴ፣ ነፍስ ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን ወደ ጎን አደረጉ፣ ተነፈሱ፣ ነፉ። አንባቢዎቼ፣ ዜማ የተማረ ሳንባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነፍተን የምናርፈውን እሳቸው አንዲት ትንፋሽ ይዘው ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ አረፋ ዘረጉ። በመሐል ቀጠን ያደርጉታል፣ ወፈር ያደርጉታል፣ መጨረሻ ላይ ያርገበግቡታል። ዓሣዎቹ ተረጋግተው ያዳምጣሉ።

«ወዲህ በሉ፣ ተራዬ ነው» አሉ ሐጂ፣ ባልዲያቸውን አስቀምጠው። «ቢስሚላህ!» ነፉ። እሳቸውም አላነሱም፤ ስንት ዘመን ገበያ መሐል ጨርቅ የጠሩ ሰው ናቸው። ማኅበርተኛው ተሰለፈ። «ለእኔ ስጡኝ!» «ቆይ አንዴ ልድገም!» «አንተ ትንፋሽህ ጠላ ጠላ ይላል፣ ታሰክራቸዋለህ!» ቤቱ ሠርግ ቤት ሆነ።

በዚህ መሐል ቡፌው ውስጥ እጄን ብሰድ ምን ላግኝ? ሙሴው ያፈሰሰው ውኃ ጠፍሩን አርሶታል! ጠፍር የሚያጠብቀው ድርቀት፣ የሚያላላው ውኃ። ብረቱ ቆዳ ሆኗል። ማኅበርተኛው ብርጭቆዎቹን ተቀባብሎ እያወጣ እጁ ላይ ያዘልኝ፤ እኔ ቋጠሮውን በጥርሴ ሳይቀር ታግዬ ፓምፑን መንጭቄ አወጣሁት። ዲቫይደሩ ግን ውኃ ነክቶት ነበር፤ ያን ሶኬት ላይ የሚሰካው ሞት የለመነ ነው። ሐጂ ቱር ብለው ቤታቸው ሄዱና የራሳቸውን ረጅም ገመድ በመስኮቱ አሾልከው ሰጡኝ። ፓምፑን ሰካሁት።

ቡርርርር...

እልልታው! ኮሶዬ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሽቦ ልቀንስ ተነሥቼ በመስኮት አንድ ሽቦ አስገባሁ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው።

ሁሉ ሲረጋጋ ሐጂ ወደ ባልዲያቸው እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ ቡፌው አልተስተካከለም» አሉ ቀስ ብለው። «ቃል ቃል ነው።»

እንጉዳይ በመሐላችን ገባች፤ ገና ታለከልካለች።

«ሐጂ፣ ባልዲውን ይተዉት። ትንፋሼን የነፋሁበትን ነገር ለሰው አልሰጥም!»

ይህችን ሴት ማኅበርተኛ ባይኖር ስሜያት ነበር።

«እኔስ?» አሉ ሐጂ ተቆጥተው። «እኔ አልነፋሁም? ገመዱስ የማን ነው?»

«እኔ ደግሞ ውኃቸውን ጠጥቻለሁ!» አለ ሙሴው፣ አሁንም ቅጠል ከጢሙ እየለቀመ።

«እኔም ነፍቻለሁ!» «እኔም!» «እኔ ሁለቴ!»

መምሬ ይባቤ እጃቸውን አነሡ።

«የነፋ ሁሉ ድርሻ አለው» አሉ። «ማደሪያቸው ግን እዚሁ መኳንንት ቤት ይሁን። ባለድርሻ ሲፈልግ መጥቶ ያያቸዋል።»

«ሸጋ ፍርድ!» አለ ማኅበርተኛው። እኔም «ሸጋ ፍርድ!» ብዬ ጮህኩ። ሞኝ! ዓሣዎቹ አለመሄዳቸውን እንጂ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር መች ሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ሰው አለበት። ሐጂ ጠዋት ሱቅ ሳይከፍቱ ሻያቸውን እዚህ ይጠጣሉ፤ አልፈው ተርፈው ደንበኞቻቸውን ይዘው መምጣት ጀምረዋል። መምሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «የእኔይቱ ደህና ዋለች?» ብለው ይገባሉ። ሙሴው ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፤ መቼም ሌላ ሰዓት አያውቅም። ትናንት ደግሞ ወይዘሮ አለሚቱ ከጠዳ የመጣች እህቷን አስከትላ መጣች። እህትየዋ ገንዳውን አየች፣ ዓሣዎቹን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳዬን አየችና፣ «ቀለሙ እንኳ እንዲህ ባይሆን...» ብላ ጀመረች።

ቡፌው? አላስተካከልኩትም። ሽቦው እንደ ድሮው ተዝረክርኮ ሆዱን ሞልቶታል፤ የሐጂ ገመድም ተጨምሮበት። እንጉዳይ ግን አንዲት ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። ብርጭቆዎቿ ማስቀመጫ አላስፈለጋቸውም፤ ከእንግዳ እጅ ወርደው አያውቁም።